የነፋስ በር፦ ዊንጌት የተባለው የእንግሊዝ የቤተሰብ ስም ወደ ኮልፌ የመጣበት መንገድና የባለስሙ ሕይወት

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ አጭር ጽሑፍ በምዕራብ አዲስ አበባ የትምህርት ቤትና የሰፈር መጠሪያ ሆኖ የቀረውን ዊንጌት የተባለውን ስም አመጣጥ ይመረምራል። ስሙ በሰሜን እንግሊዝ ከነበሩ የመንደር ስሞች ተነሥቶ በስኮትላንድ፣ በሕንድና በሱዳን በኩል ወደ ኢትዮጵያ የተጓዘበትን መንገድ ይከተላል። ከዚያም ስሙን ወደ ኮልፌ ያደረሰውን የሜጀር ጄኔራል ኦርድ ቻርልስ ዊንጌትን ሕይወት በቅደም ተከተል ያቀርባል። የጽሑፉ መከራከሪያ ነጥብ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከቦታ የተወሰደ የቤተሰብ ስም በባሕርዩ የፍልሰት ምልክት ነው። ሁለተኛ፣ ጄኔራል ዊንጌት የሚለው ስያሜ በ1933 ዓ.ም. በጎጃም የተፈጸመውን ታሪክ የሚዘክረው በከፊል ብቻ ስለሆነ፣ ስሙ የሚያስታውሰውንም የሚጋርደውንም ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

ቁልፍ ቃላት፦ የቤተሰብ ስም፣ የቦታ ስያሜ፣ ኦርድ ዊንጌት፣ የጌዴዎን ጦር፣ አርበኞች፣ ኮልፌ

1. መግቢያ

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማና በአጎራባቹ ጉለሌ የሚኖር ሰው በየቀኑ የሚጠራቸው የሰፈር ስሞች ከልዩ ልዩ አገርና ዘመን የመጡ ናቸው። ቀራንዮ በግሪክኛ የራስ ቅል ማለት ከሆነ ቃል የመነጨ፣ በወንጌል በኩል ወደ ግእዝና አማርኛ የገባ፣ በመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን አማካይነት በአዲስ አበባ ምድር ላይ የተተከለ ስም ነው። ቤቴልም እንዲሁ ከመጽሐፍ ቅዱስ የመጣ ነው። ዓለም ባንክ የተባለው ሰፈር ደግሞ ስሙን ያገኘው በዓለም ባንክ ድጋፍ ከተሠሩት ቤቶች ነው። ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው በኮልፌና በጉለሌ አዋሳኝ የሚገኘው ዊንጌት ነው። ይህ ስም ከቅዱስ መጽሐፍም ከድርጅትም አልመጣም፤ የአንድ የውጭ አገር ቤተሰብ መጠሪያ ነው። ባለስሙም በሰፈሩ ኖሮ፣ መሬት ተመርቶ ወይም ቤት ሠርቶ አያውቅም።

በአዲስ አበባ የሰው ስም የሰፈር ስም ሲሆን የተለመደው መንገድ ሌላ ነው። ደጃች ውቤ ሰፈርም ሆነ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በቦታው ከኖሩ ወይም ከቦታው ጋር በሥራ ከተቆራኙ መኳንንት ስም የወጡ ናቸው። ዊንጌት ግን በትምህርት ቤት በር በኩል ገብቶ ወደ ሰፈሩ የፈሰሰ ስም ነው። በመሆኑም ታሪኩን ለማወቅ ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ መመርመር ያሻል፤ ስሙ ራሱ ከየት እንደመጣና ስሙን የተሸከመው ሰው ማን እንደነበረ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. የሚል ምልክት ያላቸው ዓመታት በኢትዮጵያ፣ እ.ኤ.አ. የሚል ምልክት ያላቸው በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

2. ከመንደር ስም ወደ ቤተሰብ ስም

በኢትዮጵያ የአሰያየም ልማድ ሰው የሚታወቀው በራሱ ስም ነው፤ የአባቱ ስም ተከታይ ነው። የአያት ስም ሲጨመርም ትውልዱን ለመለየት እንጂ ቤተሰቡን ለዘለቄታው ለመሰየም አይደለም። ስለዚህ ስሙ በየትውልዱ ይለወጣል። በእንግሊዝ አገር ግን ኖርማኖች ከገቡበት ከ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኋላ፣ በተለይም እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ ባለው ጊዜ፣ ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ የሚተላለፍ የቤተሰብ ስም ቀስ በቀስ ሥር ሰደደ። የእነዚህ ስሞች ምንጭ በአብዛኛው አራት ነው፤ የአባት ስም፣ የእጅ ሙያ፣ የቅጽል ስምና የመኖሪያ ቦታ።

ዊንጌት ከአራተኛው ወገን ነው። በሰሜን እንግሊዝ በዱረም፣ በኖርዘምበርላንድና በላንክሻየር በዚህ ስም ወይም በተቀራራቢው የሚጠሩ መንደሮች አሉ። ቃሉ በጥንታዊ እንግሊዝኛ ከነፋስና ከበር የተጣመረ ሲሆን፣ በር የተባለው የቤት መዝጊያ ሳይሆን በኮረብታዎች መካከል ያለ መተላለፊያ ነው። ነፋስ ተሰብስቦ የሚያልፍበት ጠባብ ማለፊያ ማለት ነው። ይህ ትርጉም ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። በሰሜን ሸዋ ጣርማ በር ስንል በር ያልነው የተራራውን ማለፊያ ነው። በጋይንት የሚገኘው የነፋስ መውጫ ከተማ ስም ደግሞ ከዊንጌት ጋር ትርጉሙ ሊገጥም ምንም አይቀረውም። ሁለት የማይገናኙ ሕዝቦች አንድ ዓይነት መልክዓ ምድር አይተው አንድ ዓይነት ስም አውጥተዋል።

ከቦታ የተወሰደ የቤተሰብ ስም አንድ ልዩ ጠባይ አለው። በአንድ መንደር ውስጥ የሚኖር ሰው በመንደሩ ስም ቢጠራ ከጎረቤቱ አይለይም፤ ሁሉም የዚያው መንደር ሰው ነውና። ሰው በመንደሩ ስም መጠራት የሚጀምረው መንደሩን ለቅቆ ሲሄድ፣ በሄደበትም አገር ከየት መጣህ ተብሎ ሲጠየቅ ነው። በዚህ ምክንያት ዊንጌት የሚለው ስም ከመጀመሪያው የስደተኛ ስም ነው። የነፋሱን በር ትቶ የወጣ ሰው ምልክት ነው።

ስሙ ከትውልድ ቦታው ወደ ደቡብም ወደ ሰሜንም ተጉዟል። በደቡብ በቤድፎርድሻየር በታወቀው ቤተሰብ ውስጥ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ኤድመንድ ዊንጌት የሂሳብ ሊቅ ነበር፤ ለስሌት የሚያገለግለውን የሎጋሪዝም መለኪያ ለፈረንሳይ አንባቢዎች በማስተዋወቅ ይታወቃል። ወደ ኢትዮጵያ የሚመጣው ቅርንጫፍ ግን የስኮትላንዱ ነው። ከዚህ ቅርንጫፍ ዊልያም ዊንጌት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በቡዳፔስት ለአይሁድ በተቋቋመው የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ሚስዮን አገልግሏል። ልጁ ጆርጅ በሕንድ በብሪታንያ ጦር ውስጥ መኮንን ሆነ። የጆርጅ የአጎት ልጅ የሆነው ሬጂናልድ ዊንጌት ደግሞ በግብፅና በሱዳን ስመ ጥር ሆነ። በሁለት ትውልድ ውስጥ ስሙ ከግላስጎው አካባቢ ተነሥቶ በሚስዮንና በጦር ሠራዊት ሁለት መንገዶች ሦስት አህጉራትን አዳረሰ።

3. ስሙ መጀመሪያ አዲስ አበባ የገባበት ጊዜ

ብዙ ጊዜ ዊንጌት የሚለው ስም ወደ አዲስ አበባ የመጣው በ1933 ዓ.ም. ይመስላል። እውነታው ግን ከዚያ 44 ዓመት ይቀድማል። ከዐድዋ ድል በኋላ በነበረው ዓመት፣ በ1889 ዓ.ም.፣ የብሪታንያ መንግሥት በሬኔል ሮድ የሚመራ የመልእክተኞች ቡድን ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ላከ። ከቡድኑ አባላት አንዱ በግብፅ ጦር የስለላ ክፍል ኃላፊ የነበረው ሬጂናልድ ዊንጌት ነበር። ብሪታንያ በዚያን ጊዜ በሱዳን የመሐዲስቶችን መንግሥት ለመውጋት እየተዘጋጀች ስለነበር ኢትዮጵያ ከመሐዲስቶች ጋር እንዳትተባበር ትሻ ነበር። በግንቦት 1889 ዓ.ም. የተፈረመው ውል የሶማሌ ምድር ወሰንን ጉዳይ ከመያዙም በላይ በኢትዮጵያ በኩል ለመሐዲስቶች መሣሪያ እንዳያልፍ የሚል ግዴታ ነበረበት።

ሬጂናልድ ዊንጌት ኋላ ከእ.ኤ.አ. 1899 እስከ 1916 የሱዳን ጠቅላይ ገዥ ሆነ። ይህ ሥልጣን ለታናሹ ዘመዱ ለኦርድ በር ከፍቶለታል። በመሆኑም ሁለተኛው ዊንጌት ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ካለ ምንም ዱካ አልነበረም። የቤተሰቡ ስም በካርቱም የታወቀ፣ በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥትም አንድ ጊዜ የተሰማ ነበር።

4. ልጅነትና ወጣትነት

ኦርድ ቻርልስ ዊንጌት እ.ኤ.አ. የካቲት 26 ቀን 1903 በሕንድ ናይኒ ታል በተባለች የተራራ ከተማ ተወለደ፤ በኢትዮጵያ አቈጣጠር የካቲት 19 ቀን 1895 ዓ.ም. ነው። አባቱ ኮሎኔል ጆርጅ ዊንጌት፣ እናቱ ሜሪ ኤተል ኦርድ ብራውን ይባላሉ። እዚህ ላይ ለስም ጥናት የሚጠቅም አንድ ነጥብ አለ። ኦርድ የሚለው የግል ስሙ ራሱ ከእናቱ ወገን የመጣ የቤተሰብ ስም ነው። በእንግሊዝ ባላባት ቤተሰቦች የእናት ወገን ስም እንዳይጠፋ ለልጅ የግል ስም አድርጎ ማውጣት የተለመደ ነበርና፣ ይህ ሰው በአንድ ጊዜ የሁለት ቤተሰቦችን ስም ተሸክሞ ኖሯል።

ወላጆቹ ፕሊመዝ ብሬዝረን የተባለው የፕሮቴስታንት ማኅበር ተከታዮች ነበሩ። ልጆቹ መጽሐፍ ቅዱስን በቃል እያጠኑ፣ ከውጭው ማኅበራዊ ኑሮ ተነጥለው፣ በጥብቅ ሥርዓት አደጉ። ቤተሰቡ ወደ እንግሊዝ ከተመለሰ በኋላ ኦርድ ቻርተርሃውስ በተባለው ትምህርት ቤት ገብቶ ተማረ፤ ነገር ግን አዳሪ ሳይሆን ከቤቱ የሚመላለስ ተማሪ ስለነበር ከጓደኞቹ ጋር ብዙ አልተቀላቀለም። ይህ የብቸኝነት ጠባይ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ተከትሎታል።

እ.ኤ.አ. በ1921 በዉልዊች ወደሚገኘው የጦር አካዳሚ ገባ። በዚያ የተፈጸመ አንድ ድርጊት ጠባዩን ያሳያል። ነባር ተማሪዎች ጥፋት ሠራ ያሉትን አዲስ ተማሪ ልብሱን አስወልቀው በሁለት ረድፍ በተሰለፉ ሰዎች መካከል በተቋጠረ ፎጣ እየደበደቡ ያስሮጡትና መጨረሻ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይጥሉት ነበር። ተራው ሲደርስ ዊንጌት አልሮጠም። በእያንዳንዱ ሰው ፊት ቆሞ ዓይን ዓይኑን እያየ እንዲመታው ጋበዘው። የመታው አልነበረም። ወደ ረድፉ መጨረሻ ሲደርስም ማንም ሳይጥለው ራሱ ወደ ውኃው ዘሎ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1923 በመድፈኛ ክፍል የመኮንንነት ማዕረግ ተቀበለ።

5. ሱዳንና ፍልስጤም

በዘመዱ በሬጂናልድ ምክር ለንደን በሚገኘው የምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት ዐረብኛ ተማረ። ከእ.ኤ.አ. 1928 እስከ 1933 በሱዳን መከላከያ ጦር አገለገለ። የሥራ ቦታው በአብዛኛው የኢትዮጵያ ጠረፍ ነበር፤ የባሪያ ነጋዴዎችንና የዝሆን ጥርስ አዳኞችን እየተከታተለ መያዝ ዋና ተግባሩ ነበር። በዚህ ሥራ ሁለት ነገር ተማረ። አንደኛው አነስተኛ ኃይል ከመኖሪያው ርቆ፣ ስንቁን ይዞ፣ በማይጠበቅበት ቦታ ብቅ ብሎ ብዙ ሊሠራ እንደሚችል ነው። ሁለተኛው በሱዳንና በጎጃም መካከል ያለው ቆላ ምን እንደሚመስል ነው። ሁለቱም ኋላ ጠቅመውታል። እ.ኤ.አ. በ1933 መጀመሪያ በሊቢያ በረሃ ዘርዙራ የተባለችውን የጠፋች የበረሃ ገነት ፍለጋ ተጉዞ ሳያገኛት ተመለሰ። ወደ እንግሊዝ ሲመለስ በመርከብ ላይ የተዋወቃትን ሎርና ፓተርሰንን እ.ኤ.አ. በ1935 አገባ።

እ.ኤ.አ. በ1936 በብሪታንያ አስተዳደር ሥር ወደነበረችው ፍልስጤም ተላከ። የዐረቦች አመፅ በተፋፋመበት በዚያ ጊዜ የጽዮናዊነት ደጋፊ ሆነ፤ የልጅነቱ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ለዚህ መሠረት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1938 ከብሪታንያ ወታደሮችና ከአይሁድ ዘበኞች የተውጣጣ ልዩ የሌሊት ጓድ አቋቁሞ ከኪርኩክ ወደ ሃይፋ የሚዘልቀውን የነዳጅ ቧንቧ መጠበቅና የአማፅያኑን ቡድኖች ማጥቃት ጀመረ። ለዚህ ሥራው የመጀመሪያውን ታላቅ የጀግንነት ኒሻን አገኘ። ጓዱ በዐረብ መንደሮች ላይ የወሰዳቸው የቅጣት እርምጃዎች ግን በዚያን ጊዜም ዛሬም ብርቱ ወቀሳ ያስከትላሉ። አለቆቹም ከወታደርነት ይልቅ ለፖለቲካ አድልቷል ብለው እ.ኤ.አ. በ1939 ከፍልስጤም አስወጡት።

6. ጎጃም፣ 1933 ዓ.ም.

ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ኢጣሊያ በብሪታንያና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ስታውጅ የኢትዮጵያ አርበኞች አራት ዓመት የዘለቀ ትግል ላይ ነበሩ። በጎጃም በላይ ዘለቀ፣ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህና ሌሎችም ገጠሩን ይዘው የኢጣሊያን ጦር ወደ ምሽግና ከተማ ወስነውት ነበር። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ከእንግሊዝ ተነሥተው ወደ ካርቱም መጡ። በነሐሴ ወር ዳንኤል ሳንፎርድ የሚመራው ተልዕኮ 101 ጠረፉን ተሻግሮ ከጎጃም አርበኞች ጋር ተገናኘ። ሳንፎርድ ከጦርነቱ በፊት በኢትዮጵያ የኖረ ሰው ስለነበር አርበኞችን ለማስተባበር ተስማሚ ነበር።

የመካከለኛው ምሥራቅ የብሪታንያ ጦር አዛዥ ጄኔራል ዌቭል ዊንጌትን ከፍልስጤም ያውቀው ስለነበር በ1933 ዓ.ም. መጀመሪያ አስጠራው። ዊንጌት ኅዳር 11 ቀን በትንሽ አውሮፕላን ወደ ጎጃም ሰከላ አካባቢ በርሮ ከሳንፎርድ ጋር ተመካከረ። ከዚያም ንጉሠ ነገሥቱን አጅቦ የሚገባ ጦር አደራጀ። ስሙንም በመጽሐፈ መሳፍንት በጥቂት ሰዎች ብዙ ሠራዊት ባሸነፈው በጌዴዎን ሰየመው። ጦሩ በዋናነት የሱዳን ጠረፍ ሻለቃንና በስደት ካሉ ኢትዮጵያውያን የተመለመለ ሻለቃን የያዘ ሲሆን፣ በአንድ ላይ ወደ 2,000 የሚጠጋ ሰው ነበር።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ ጠረፉን ተሻግረው የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ። ከጠረፉ እስከ ጎጃም ደጋ ያለው ጉዞ እጅግ አድካሚ ነበር። ስንቅና ጥይት የጫኑት ግመሎች በ15,000 የሚገመቱ ሲሆኑ፣ ቆላውን አልፈው ወደ ደጋው ሲወጡ በውኃ ጥም፣ በድካምና በብርድ ከሞላ ጎደል ሁሉም አለቁ። ጦሩ ያለፈበት መንገድ በግመል ሬሳ ሽታ ይታወቅ ነበር።

ዊንጌት ስለ አርበኞች የነበረው አስተሳሰብ ከብዙ የብሪታንያ መኮንኖች ይለያል። መሣሪያና ገንዘብ እያደሉ ሰውን ማነሣሣት ክብሩን ይነካል፣ ጥቅም ፈላጊውንም ይስባል ብሎ ያምን ነበር። በእርሱ አስተያየት ጥቂት ሥርዓት ያላቸው ወታደሮች በድፍረት ሲዋጉ ማየት የአገሩን ሰው ከሁሉ ይበልጥ ያነሣሣዋል። ይህ አስተሳሰብ ጠንካራ ጎን ቢኖረውም፣ አርበኞቹ የእርሱን አርአያ ሳይጠብቁ ለአራት ዓመት ከመንፈቅ መዋጋታቸውን በበቂ የሚመዝን አልነበረም። ይህና የአዛዥነት ሥልጣን ጉዳይ ከሳንፎርድ ጋር አጋጭቶታል።

በጎጃም የነበረው የኢጣሊያ ጦር ከጌዴዎን ጦር በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። ዊንጌት ጦሩን በትንንሽ ክፍሎች ከፍሎ በሌሊት በምሽጎች ላይ እየተኮሰ፣ በቀን እየተሰወረ፣ ብዙ ሠራዊት የመጣ አስመሰለ። የኢጣሊያ ጦር የካቲት 25 ቀን ቡሬን ለቅቆ ወደ ደምበጫ አፈገፈገ። በዚህ ጉዞ ላይ የኢትዮጵያውያኑ ሻለቃ ከሚያፈገፍገው ብዛት ያለው ጦር ጋር በድንገት ፊት ለፊት ተጋጥሞ ከባድ ጉዳት ቢደርስበትም ቦታውን ሳይለቅ ተዋጋ። በመጋቢት መጨረሻ ደብረ ማርቆስም ተለቀቀች። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ሲገቡ፣ በዚያው ዕለት ከኬንያ የተነሣው የጄኔራል ካኒንግሃም ጦር አዲስ አበባን ያዘ።

የብሪታንያ ወታደራዊ ባለሥልጣናት በከተማዋ ለሚኖሩት ኢጣሊያውያን ደኅንነት በመስጋት የንጉሠ ነገሥቱን መግባት ለማዘግየት ፈለጉ። የነገሩ ፖለቲካዊ ክብደት ግልጽ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ዋና ከተማቸው እስካልገቡ ድረስ ኢትዮጵያ ነፃ የወጣች አገር ሳትሆን ከጠላት እጅ የተያዘ ግዛት ሆና ልትታይ ትችል ነበር። ዊንጌት ጉዞው እንዲቀጥል ወገነ። ንጉሠ ነገሥቱ በፍቼና በእንጦጦ በኩል አድርገው ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ፤ ኢጣሊያ ከተማዋን በያዘችበት ዕለት በአምስተኛው ዓመት መሆኑ ነው። ዊንጌት በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ከፊት ቀደመ። ከዚህ በኋላ ወደ ሰሜን ተመልሶ፣ ከራስ ካሣ ኃይሉና ከአርበኞች ጋር ሆኖ ያፈገፈገውን የኢጣሊያ ጦር ተከታተለ። ግንቦት 15 ቀን በአጊባር በሺዎች የሚቆጠር የጠላት ጦር እጁን ሰጠ። ለዚህ ዘመቻ ዊንጌት የጀግንነት ኒሻኑን ለሁለተኛ ጊዜ አገኘ።

7. ካይሮ፣ በርማና ሞት

የድሉ ማግስት ለዊንጌት የውርደት ጊዜ ሆነ። የጌዴዎን ጦር ወዲያው ፈረሰ፤ የዘመቻ ማዕረጉም ተነሥቶ ከኮሎኔልነት ወደ ሻለቃነት ተመለሰ። በካይሮ ተቀምጦ ስለ ዘመቻው ያቀረበው ሪፖርት አለቆቹን አጥብቆ የሚወቅስ በመሆኑ ጠላት አበዛበት። ወባ ይዞት ካለ ሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት አብዝቶ ይወስድ ነበር። ሰኔ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ በገባ በሁለት ወሩ፣ በካይሮ ሆቴል ክፍሉ ውስጥ አንገቱን በጩቤ ወግቶ ራሱን ለማጥፋት ሞከረ። በአጠገቡ ባለው ክፍል የነበረ መኮንን ድምፅ ሰምቶ ደርሶ ስላስነሣው ተረፈ። ይህ ክፍል በመታሰቢያ ጽሑፎች ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ነገር ግን የጎጃሙ ዘመቻ በሰውየው ላይ ያደረሰውን ጫና ካለዚህ መረዳት አይቻልም።

ዌቭል ወደ ሕንድ ተዛውሮ ስለነበር እ.ኤ.አ. በ1942 እንደገና አስጠራው። ዊንጌት በጎጃም የሞከረውን ስልት በበርማ ደን ውስጥ በጃፓን ጦር ላይ አስፋፍቶ ሠራበት። ቺንዲት የተባሉት ወታደሮቹ ስማቸውን ያገኙት በበርማ ቤተ መቅደሶች በር ላይ ከሚቆመው የአንበሳ ምስል ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 ከዘመቱት 3,000 ያህል ሰዎች ሲሶው ገደማ አልተመለሰም፤ የተመለሱትም ብዙዎቹ ዳግመኛ ለውጊያ አልበቁም። ሆኖም ዘመቻው የብሪታንያን ሠራዊት መንፈስ ስላነሣሣ፣ በዚያው ዓመት በኩቤክ በተደረገው የቸርችልና የሩዝቬልት ጉባኤ ላይ ተገኝቶ ዕቅዱን አስረዳ፤ የሜጀር ጄኔራልነት ማዕረግም ተሰጠው።

ሁለተኛው ዘመቻ በተጀመረ በሦስተኛው ሳምንት፣ መጋቢት 15 ቀን 1936 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 1944፣ የተሳፈረበት የአሜሪካ አውሮፕላን በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ በማኒፑር ኮረብቶች ላይ ወድቆ ሞተ። ዕድሜው 41 ነበር። ብቸኛ ልጁ ከሞተ በኋላ ተወለደ። የአውሮፕላኑ ሟቾች አጽም ተለይቶ ሊታወቅ ስላልቻለና ከመካከላቸው አሜሪካውያን ስለነበሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1950 በአሜሪካ አርሊንግተን መካነ መቃብር በአንድነት ተቀበሩ። በሕንድ ተወልዶ፣ በሱዳን ሠልጥኖ፣ በኢትዮጵያ ድል አግኝቶ፣ በማኒፑር የሞተው ሰው መቃብሩ በቨርጂኒያ ሆነ።

8. ስሙ በኮልፌ ሥር የሰደደበት መንገድ

ከድል በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት በአምስቱ ዓመት ያለቁትን የተማሩ ወጣቶች ለመተካት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን በአስቸኳይ ማቋቋም ነበረበት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በኮተቤ ከተከፈተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1946 በከተማዋ ምዕራባዊ ዳርቻ ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት በብሪቲሽ ካውንስል እገዛ ተመሠረተ። አዳሪ ትምህርት ቤት ስለነበር ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመረጡ ተማሪዎች ይገቡበት ነበር፤ ከመምህራኑም ብዙዎቹ ብሪታንያውያን ነበሩ። ከዚህ ትምህርት ቤት የወጡ ሰዎች በሦስት መንግሥታት ዘመን በአገሪቱ አስተዳደር፣ ትምህርትና ፖለቲካ ውስጥ ጉልህ ስፍራ ይዘዋል።

ከስያሜው ሦስት ነገሮች ይታያሉ። የመጀመሪያው የማዕረጉ ነው። ዊንጌት በኢትዮጵያ ምድር ጄኔራል ሆኖ አያውቅም፤ ጄኔራልነቱን ያገኘው በበርማው ጦርነት ነው። ስለዚህ በኮልፌ የተጻፈው ስም የጎጃሙን ኮሎኔልና የበርማውን ጄኔራል ያዳቀለ ነው። ሁለተኛው የስሙ ነው። በእስራኤል መታሰቢያ ሲቆምለት የግል ስሙም የቤተሰብ ስሙም ሥራ ላይ ውሏል፤ የሚን ኦርድ የተባለው የወጣቶች መንደርና የዊንጌት የስፖርት ተቋም ለዚህ ምሳሌ ናቸው። በኢትዮጵያ ግን ኦርድ የሚለው ስም አልገባም ማለት ይቻላል። ሰው በራሱ ስም በሚጠራበት አገር ዊንጌት የሚለው የሰውየው የራሱ ስም መስሎ ተወሰደ። ለዘመናት የአንድ ቤተሰብ የጋራ መጠሪያ የነበረው ስም ኮልፌ ሲደርስ የአንድ ሰው ስም ሆነ፤ ብዙም ሳይቆይ የቦታ ስም ሆነ።

ሦስተኛው የስሙ ጽናት ነው። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ከንጉሣዊው ሥርዓት ጋር የተያያዙ ብዙ ስሞች ተለውጠዋል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም እንጦጦ ተባለ። የዊንጌት ትምህርት ቤት ግን ወደ ቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛነት ሲለወጥ ስሙን ይዞ ቀረ። ለዚህ አሳማኙ ምክንያት ስሙ በዚያን ጊዜ ከሰውየውም ከሥርዓቱም ተላቅቆ የታክሲ ረዳት የሚጠራው፣ ነዋሪው አድራሻ የሚሰጥበት የሰፈር ስም መሆኑ ነው። የሰው ስም ቦታ ሲሆን ከፖለቲካ ይጠበቃል፤ ዋጋው ግን የታሪክ ትውስታው መደብዘዙ ነው።

9. ማጠቃለያ

ዊንጌት የሚለው ስም ከቦታ ተነሥቶ ወደ ቦታ ተመልሷል። በሰሜን እንግሊዝ የነፋስ መተላለፊያ የነበረ መንደር ለወጡት ልጆቹ ስም ሰጠ፤ ልጆቹ በሚስዮንና በጦር ሠራዊት መንገድ ዓለምን ሲያካልሉ ስሙን ይዘው ዞሩ፤ በ1889 ዓ.ም. በዲፕሎማሲ፣ በ1933 ዓ.ም. በጦርነት ወደ አዲስ አበባ ገባ፤ በመጨረሻም በትምህርት በኩል የኮልፌ መንደር ሆነ።

ባለስሙ ለኢትዮጵያ ነፃነት የፈጸመው ሥራ እውነተኛ ነው፤ በተለይም ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ዋና ከተማቸው በመንግሥት ባለቤትነት እንዲገቡ በወሳኝ ሰዓት መወገኑ ከውጊያው ያላነሰ ዋጋ አለው። ይሁን እንጂ የአንድ ሰው ስም የአንድ ዘመቻ ምልክት ሲሆን ሌሎችን መጋረዱ አይቀርም። ዊንጌት ከመምጣቱ በፊት ጎጃምን ክፍት ያደረጉት አርበኞች፣ መንገዱን የጠረገው ተልዕኮ 101፣ ከቡሬ እስከ ደምበጫ የተዋጉት ኢትዮጵያውያን ስደተኞችና የጌዴዎንን ጦር ሸክም በብዛት የተሸከሙት የሱዳን ወታደሮች በዚህ ስም ውስጥ አይሰሙም። ስሙን መለወጥ ይህን ጉድለት አይሞላም፤ ስሙ ዛሬ የሰፈሩ ነዋሪ ሀብት ነው። ጉድለቱን የሚሞላው በስሙ የሚጠራው ትምህርት ቤት ተማሪ ስሙ ምን እንደሚያስታውስና ማንን እንደሚተው አውቆ እንዲወጣ ማድረግ ነው። በኮልፌ ቀራንዮና በአካባቢው ያሉ ሌሎች ስያሜዎችም በዚሁ መንገድ ቢጠኑ የአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል ከየትኞቹ ዓለማት ጋር ሲገናኝ እንደኖረ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል።